ቮድካ፣ ፍራፍሬና አምቦ ውሃ፦ ቤት ስንሠራው ለምን ይበላሻል?

ቮድካ፣ የፍራፍሬ ጁስና አምቦ ውሃ መቀላቀል ሙያ አይጠይቅም። ደብረ ብርሃን ላይ በዓል ሲሆን የአጎትና የአክስት ልጆች ተሰብስበው «ኮክቴል እንሥራ» ማለታቸው አይቀርም። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነገር ለብ ያለ፣ ጋዙ ያለቀ፣ ከላይ ውሃ ከታች ገንፎ የሆነ መጠጥ ነው። ያኔ ሁሉም ቮድካውን ይወቅሳል። ቮድካው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ጥፋቱ ያለው ሙቀቱና ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ወደ ችግሩ ከመግባታችን በፊት መነሻ ልክ እንያዝ። ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ 45 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 60 ሚሊ የተጠለለ ጁስ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስኳር ሽሮፕ፣ መጨረሻ ላይ 120 ሚሊ አምቦ። ቮድካውን በአረቄ መለኪያ መስፈር ይቻላል፤ ግን መለኪያ ሁሉ እኩል አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ሞልታችሁ በሕፃን ጡጦ ለኩት፤ ጡጦው ላይ ሚሊው ተጽፏል። ሽሮፑ ማለት እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጋዙ ወዲያው ይጠፋል

ይሄ የችግሮች ሁሉ አለቃ ነው። ምክንያቱም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አምቦ ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅዝቃዜ ይወዳል። በ0 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በ20 ዲግሪ ከሚሟሟው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ አምቦው ቀዝቅዞ ቮድካውና ጁሱ ለብ ካሉ ገና ሲገናኙ ጋዙ ጥሎ ይሄዳል። ሁሉም መቀዝቀዝ አለበት፣ ብርጭቆው ጭምር። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ዕድለኛ ነው፤ ኅዳር ላይ በረንዳ ያደረ ጠርሙስ ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የለም። ቮድካውን ፍሪዘር ውስጥ ብትረሱትም አይጋገርም። አምቦውን ግን ፍሪዘር ውስጥ አትርሱት፤ ውሃ ሲጋገር ይሰፋል፣ ጠርሙሱም ይፈነዳል።

ሁለተኛው ስኳር ነው። አምቦ ላይ ደረቅ ስኳር ጣል አድርጉና እዩት፤ አረፋው ቡፍ ብሎ ይወጣና ከአፍታ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ጣፋጭ ውሃ ብቻ ይቀራል። የጋዝ አረፋ የሚፈጠረው ሻካራ ነገር ላይ ነው፤ እያንዳንዷ የስኳር ቅንጣት ደግሞ ለአረፋ መነሻ ትሆናለች። የማንጎ ቃጫም፣ ከፎጣ የቀረ ብናኝም፣ ውርጭ የለበሰ በረዶም ያው ናቸው። ስኳሩን በሽሮፕ ቀይሩ፣ ጁሱን አጥልሉ፣ ብርጭቆውን በፎጣ ከመወልወል ዘቅዝቃችሁ አድርቁት፣ በረዶውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት።

ሦስተኛው ማማሰል ነው። ሰው አምቦውን ይጨምርና በማንኪያ እንደ ሻይ ያማስላል፤ ይባስ ብሎ ክዳን ገጥሞ የሚንጠውም አለ (ይሄኛውን ከወጥ ቤት ማባረር ነው)። ቮድካ፣ ጁስ፣ ሎሚና ሽሮፕ መጀመሪያ ለብቻቸው በደንብ ይዋሃዱ። ከዚያ በረዶ። አምቦው መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በጎኑ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ማንኪያውን አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ሳብ፣ በቃ።

ጠርሙሱ ሲከፈት ይገነፍላል

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ማንጎና ብርቱካን ጭነው ሲመጡ አምቦውንም እዚያው ገዝተው የሚመጡ አሉ። ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ገደማ። ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ከፍታ አያውቅም፣ እንደታፈነ ነው። በዚያ ላይ በቆላው ፀሐይ የሞቀና የጣርማ በርን ዳገት እየተናጠ የወጣ ከሆነ ክዳኑ ሲነሳ ጠረጴዛ ማጠቡ አይቀርም።

መፍትሄው ጊዜ መስጠት ነው። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር፣ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። የፕላስቲክ ከሆነ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ፍስስ ሲል መልሳችሁ አጥብቁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደጋግሙት ይረጋል።

ይመራል

ቮድካው አይደለም። ሎሚው ነው። ሎሚን ከነልጣጩ ብሌንደር ውስጥ የሚከት ሰው ምሬት መጣብኝ ብሎ ማማረር አይችልም። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ነገርና ፍሬው ናቸው የሚመሩት። ብርቱካንም እንዲሁ። በእጅ ጨመቅ አድርጋችሁ መጀመሪያ የወጣውን ውሰዱ፤ እስከ መጨረሻው አትጠምዝዙት። ጭማቂውም የዕለቱ ይሁን፤ ከትናንት የተረፈ የሎሚ ጭማቂ ጣዕሙ ይለወጣል።

ከመረረ በኋላ ስኳር መደርደር ብዙም አያድንም። ጥቂት ቅንጣት ጨው ግን ምሬቱን ያለዝበዋል። ጥቂት ስል የጣት ጫፍ ላይ የምትቀር ማለቴ ነው። ቮድካና ጁሱ ውስጥ፣ አምቦው ከመግባቱ በፊት።

አለ፣ ግን ጣዕም የለውም

ጣፋጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ልብ አይነካም። እዚህ ላይ የጎደለው ኮምጣጣ ነው። አምቦ የማዕድን ውሃ ነው፤ ከጋዙ ሌላ ቢካርቦኔት አለበት፣ ቢካርቦኔት ደግሞ የሎሚን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ስለዚህ ጋዝ ባለው ሌላ ውሃ ልክ የነበረው ሎሚ በአምቦ ሲሆን ያንሳል። ትንሽ ሎሚ ጨምሩበት። ማንጎና ፓፓያ በራሳቸው ኮምጣጣነታቸው ትንሽ ስለሆነ ለእነሱ ግማሽ ሳይሆን አንድ ሙሉ ሎሚ ሊያስፈልግ ይችላል። በአምቦ ፈንታ ስፕራይት የምትጠቀሙ ከሆነ ሽሮፑን ተዉት፣ ያለዚያ ከረሜላ ነው የምትጠጡት።

ከታች ይዘቅጣል

ማንጎ ወፍራም ነው፣ በተለይ ቃጫ የበዛበት ትንሹ ማንጎ። ፈጭታችሁ በትንሽ ውሃ አቅጥኑትና በወንፊት፣ ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉት። እንጆሪም እንደዚሁ፣ ፍሬው ጥርስ ውስጥ ይገባል። አቮካዶ ለዚህ መጠጥ አይሆንም። ወተትም አትሞክሩ፤ ሎሚው ይቆራርጠዋል።

ያቃጥላል፣ ጠዋት ደግሞ ራስ ያዞራል

ያቃጥላል ከተባለ ወይ ቮድካው በዝቷል ወይ ሞቋል። ከላይ ባለው ልክ የተሠራው መጠጥ አልኮሉ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ከቢራ ይበልጣል፣ ግን ጁሱ ስለሚሸፍነው አይታወቅም። ጋዝም አልኮሉን ቶሎ ወደ ደም ሊያስገባው ይችላል። «ጁስ እኮ ነው» እያሉ ሦስተኛውን የሚቀዱ ሰዎች ናቸው ጠዋት ግድግዳ የሚይዙት።

ሌላው፣ ቮድካ ሲያልቅ አረቄ መተካት ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ በቦታው አከብረዋለሁ። ግን የጌሾው ሽታ ማንጎን ይውጠዋል፤ ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ ከቮድካ ሊበረታ ይችላል፣ ልኩም ከቤት ቤት ይለያያል። ለብቻው፣ በመለኪያው፣ ከቆሎ ጋር ይጠጣ። ቮድካውንም እሽጉ ካልተነካ ጠርሙስ ብቻ ግዙ፤ መርዛማው አልኮል ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። ከጠጣችሁ ደግሞ መሪ አትያዙ፣ የጣርማ በር ዋሻና ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ ለጤነኛም አስቸጋሪ ነው።

ውሃ ውሃ ይላል

በረዶው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰው በረዶ ሲበዛ የሚቀጥን ይመስለዋል፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ፍሬ በረዶ ሞቅ ያለ መጠጥ ውስጥ ወዲያው ይቀልጣል፤ ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ግን እርስ በርሱ ስለሚያቀዘቅዝ ቶሎ አይቀልጥም። ፍሪዘራችሁ ትንሽ ከሆነ የጁሱን ግማሽ በበረዶ መሥሪያው አጋግሩት፤ ሲቀልጥም ጁስ ነው።

ለእንግዳ አስቀድሜ ሠርቼ ላስቀምጠው?

ቮድካ፣ ጁስ፣ ሎሚና ሽሮፑን አዎ፤ በጆግ አዋሕዳችሁ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ ጨርሱት። አምቦውን ግን በጆግ አትደባልቁ። እንግዳው ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አዲስ ክፈቱ፤ ተከፍቶ የተረፈ ጠርሙስ ካለ ወዲያው አጥብቃችሁ ከድናችሁ ወደ ብርዱ መልሱት።