ከጎጃም ርቀው ለሚያድጉ ልጆች እስክስታና ጨዋታ ማስተማር

ልጆቻችሁ ከጎጃም ርቀው እያደጉ ከሆነ ከእስክስታ ጀምሩ። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ እናንተ እያጨበጨባችሁላቸው፣ ትከሻቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ እግሩ ይቆይ። አንገትና ደረት ቀስ ብሎ ይመጣል። ከዚያ ማሲንቆ አሰሟቸው። ያ ሁሉ ድምፅ ከፈረስ ጭራ ከተሠራ አንድ ክር እንደሚወጣ ስትነግሯቸው በጣም ይገረማሉ! ግጥም ግን ትርጉሙን ሳታስረዱ አታሸምድዷቸው፣ ይሰለቻሉ።

ቡሄን ከሁሉም አብልጬ እመክራለሁ። ነሐሴ 13 ሲደርስ ዱላ አስይዛችሁ ሆያ ሆዬ አስጨፍሯቸው፤ አንዱ ያውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ፣ መጨረሻ ላይ ሙልሙል ይሰጣቸው። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይበሉ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ አያት ካሏቸው በስልክ ይዝፈኑላቸው። ሲሳሳቱ እሳቸው ያርሟቸው፣ እናንተ ጣልቃ አትግቡ።