የወረሱት የቴምብር አልበም ውስጥ ምን እንዳለ መለየት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናትና እርጥበቱ ያረጀ ሙጫን ያለሰልሳል፤ አልበሙን ደረቅ በሆነ የበጋ ቀን ይክፈቱት። የጣት ወዝ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ያንሱ። ማኅተም ያላረፈበትን ቴምብር ውሃ ውስጥ በፍጹም አይንከሩ፤ ሙጫው ከታጠበ ዋጋው ይወርዳል።

የቴምብሩን ጥርስ (በጠርዙ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች) ሲለኩ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት እንዳሉ ይቁጠሩ። የላዩና የጎኑ ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ይጻፉ።

በ1894 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች 7 ናቸው፦ ከሩብ እስከ 2 ግርሽ (የዘመኑ ገንዘብ) ባሉት ላይ ዐፄ ምኒልክ፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ግርሽ ላይ አንበሳ። ብዙ ሰው የሚታለለው በኋላ «ቦስታ» ወይም «መልክት» የሚል ጽሑፍ በተደረበባቸው ላይ ነው፤ አስመስሎ የተሠራው በጣም ብዙ ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጽሑፉና የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚገናኙበትን ቦታ ይዩ። የጽሑፉ ቀለም ከማኅተሙ በላይ ካረፈ፣ ቃሉ የተጨመረው ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ነው፤ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው። ማኅተም ከሌለው የፊደሎቹን ቅርጽ ከካታሎግ ሥዕል ጋር ማመሳከር ግድ ይላል።

የ1919 (እ.ኤ.አ.) የዱር እንስሳት ቴምብሮች ደግሞ ዳግም ታትመዋል። ገልብጠው ሙጫውን ይመልከቱ፦ የመጀመሪያው ነጭና ልስልስ ነው፣ ዳግም የታተመው ቡናማና የተሰነጣጠቀ።