«ሲስተር፣ እኔን ምንም አያመኝም»

የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሴቶቹ ይቀያየራሉ፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ትናንት አንዱን በድጋሚ ሰማሁና ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

«ሲስተር፣ እኔን ምንም አያመኝም። ሲያመኝ እመጣለሁ» አለችኝ።

ሲያምሽ ከመጣሽማ ዘገየሽ እኮ! የማህፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ከዓይነቶቹ መካከል 16 እና 18 የሚባሉት ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው ተጠያቂ ናቸው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ይገባና ሁለት ፕሮቲኖች ያመርታል። ሴል ሲበላሽ «ቁም፣ አትባዛ» የሚሉ ጠባቂዎች አሉን። እነዚያ ፕሮቲኖች ጠባቂዎቹን ሥራ ያስፈቷቸዋል። ጠባቂ ያጣ ሴል ስህተት እያጠራቀመ ይባዛል። ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ዓመት ሕመም የለም። ደም የለም። ሴትየዋ ገበያ ትወጣለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ትወልዳለች።

እኔ ግን አየዋለሁ። የማህፀን በሩን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ እቀባዋለሁ። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ ሽታውም ያው ነው። አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ጤነኛው ቦታ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ያኔ ከተደረሰበት አብዛኛውን እዚያው በሙቀት እናክመዋለን። የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት እህቷን አጅባ መጣች። እህቷ ተመረመረች። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ደህና ነኝ» ብላ ሳቀች። ባለፈው ዓመት ደም እየፈሰሳት መጣች። ገና ስታየኝ አወቀችኝ። «ያኔ ብለሽኝ ነበር» አለች። አሲድ መቀባት አላስፈለገኝም፣ ዕጢው በዓይን ይታይ ነበር። እባካችሁ፣ 30 ዓመት የሞላችሁ ተመርመሩ። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ያለ ደግሞ ከ25 ጀምሩ፣ መድኃኒታችሁን በደንብ ብትወስዱም።

«እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» የሚሉም አሉ። ቫይረሱ ይህን አይጠይቅም። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረገ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ ያገኘዋል። አብዛኛው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቀው ይድናል። ዛሬ ተገኘ ማለት መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳመጣው አይናገርም። በዚህ ውጤት ትዳር ሲናወጥ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባት መካን አያደርግም። ውስጡ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ብቻ ነው፣ ቫይረሱ የለበትም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች ሲጀመር ሴት ልጆቻቸውን የደበቁ ወላጆች ነበሩ። አትደብቁ።

«ባለፈው ወር ምን በልቼ ይሆን?» ብላችሁ አትጨነቁ። ካንሰር ያለፈው ወር ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ የሚወጣን ካንሰር ከጥላሸት ጋር አያያዘው። ጠራጊዎቹ ሥራውን የጀመሩት በልጅነታቸው ነው፣ ካንሰሩ የወጣባቸው አድገው ነው። ጥላሸቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ዲ ኤን ኤ በሚባለው የሴሉ መመሪያ ላይ ይለጠፋል፣ ሴሉ ሲባዛ ስህተት ይገለበጣል፣ ስህተት በስህተት ላይ ይደረባል። ሲጋራም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የማህፀን በር ላይ ጭምር።

ሌላው የካንሰር መንስኤ ሻጋታ ነው። «ቆልቼዋለሁ፣ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ቁላቱ ሻጋታውን ይገድለዋል፣ መርዙን ግን አያጠፋውም። አፍላቶክሲን ይባላል። ጉበትን ነው የሚያጠቃው። ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ በደንብ ሳይደርቁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲታፈኑ ይሻግታሉ። አክስቴ ኦቾሎኒ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። የተጨማደደውንና አረንጓዴ ያለበትን ለይታ «ይሄ ለመፍጨት ይሆናል» ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። ከእጇ ወስጄ ጣልኩት፣ ተቆጣችኝ። ገንዘብ ነው፣ ይገባኛል። ግን ተፈጭቶ ሲቀባ ማንም አይለየውም። ለላምም አትስጡት፣ በወተት በኩል ይመለሳል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ሲበላው ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ሄፓታይተስ ቢን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ በቅጠል ማከም ይቅር። ዓይን ነጣ ማለት ቫይረሱ ወጣ ማለት አይደለም። ከእናቱ ሲወለድ ከተያዘ ሕፃን 90 በመቶው ቫይረሱን ይዞ ይኖራል፣ አዋቂ ሲያዝ ግን አብዛኛው ያሸንፈዋል። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተብ። እኔም አጥፍቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልከተብ ሠርቻለሁ። መርፌ ከወጋኝ በኋላ ነው ሦስቱንም ዶዝ የጨረስኩት። የዚያን ሰሞን ጭንቀቴን ለማንም አልመኝም።

የምርመራ ጨረር ካንሰር ያመጣብናል ብለው የሚፈሩም አሉ። አልትራሳውንድና ኤም አር አይ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም። አንድ የደረት ራጅ ደግሞ ከአፈርና ከሰማይ በሁለት ሳምንት ገደማ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር አይበልጥም። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ።

የሚከብደኝ ሌላው ነው። ለጨረር ሕክምና ሪፈር የጻፍኩላት እናት «ጨረር ካንሰር ያመጣል ይባል የለ? እንዴት በሱው እታከማለሁ?» ትለኛለች። ጥያቄው ትክክል ነው። ጨረር ዲ ኤን ኤን ይበጥሳል። ነገር ግን ጤነኛ ሴል የተበጠሰውን ይጠግናል፣ የካንሰር ሴል ጥገና ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ለሳምንታት ይሰጣል። ጤነኛው በመሀል እንዲያገግም ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ካንሰር ሊመጣ የሚችልበት ጥቂት ዕድል አለ። አልደብቃትም። አሁን ያለው ዕጢ ግን ያን ያህል ዓመት አይሰጣትም።

ያቺን እህቷን አጅባ የመጣችውንም እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ስንት ቀን ነው የምመላለሰው?» አለች። እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።