የአንድን ቡድን የዋና አሠልጣኞች ታሪክ እንዴት እናዘጋጅ? ግሪን ቤይ ፓከርስ እንደ ማሳያ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተሉ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሲሉ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ። ይህ መመሪያ ለእነርሱ፣ እንዲሁም የባሕር ዳር ከተማን ወይም የሌላ የአካባቢ ክለብን የአሠልጣኞች ታሪክ በወጉ ጽፈው ለማስቀመጥ ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ማሳያው ግሪን ቤይ ፓከርስ ይሁን፤ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኝ አነስተኛ ከተማ በ1919 የተመሠረተና በአንድ ባለሀብት ሳይሆን በሕዝብ ባለአክሲዮኖች የተያዘ በመሆኑ፣ የከተማ ክለብን ለለመደ አንባቢ አይርቅም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከስም ዝርዝሩ በፊት የዓመቱን ጉዳይ ይወስኑ። ውድድሩ በመስከረም አካባቢ ተጀምሮ በጥር ወይም በየካቲት ስለሚያበቃ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ የውድድር ዘመን በሁለት ዓመታት ላይ ይወድቃል። ፓከርስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 35 ለ10 ያሸነፈበት የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል የተካሄደው ጥር 15 ቀን 1967 ቢሆንም ዋንጫው የሚመዘገበው በ1966 የውድድር ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ዕለቱ ጥር 7 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው፤ ከመክፈቻዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች በቀር የውድድር ዘመኑ በሙሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠቃለላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ለዚህ ሥራ የሚመች መሆኑን ብዙዎች አላስተዋሉትም። የመረጡት የትኛውም ይሁን፣ በመካከሉ አይለውጡት።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አሠልጣኝ አንድ መስመር ያዘጋጁና ቡድኑን መቼ እንደተረከበ፣ የቀድሞው እንዴት እንደሄደ፣ ምን ዓይነት ቡድን እንዳገኘና ምን ትቶ እንደሄደ ይሙሉ። የአሠልጣኞች ታሪክ በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት የርክክብ መዝገብ ነው። ጊዜያዊ አሠልጣኞችንም አይዝለሉ። በ1953 ጂን ሮንዛኒ ሁለት ጨዋታዎች ሲቀሩ ሲለቅ፣ ሂው ዴቮርና ሬይ ማክሊን ቡድኑን በጋራ መርተዋል፤ በ2018 ደግሞ ማይክ ማካርቲ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሲሰናበት የቀሩትን አራት ጨዋታዎች ጆ ፊልቢን መርቶ ሁለቱን አሸንፏል። እነዚህን ሰዎች የዘነጋ ዝርዝር የአንዱን ሽንፈት በሌላው ላይ ይጭናል።

ድልን በቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ በ1958 በዘመን የነበሩት ጨዋታዎች 12 ሲሆኑ፣ በ1961 14፣ በ1978 16፣ በ2021 ደግሞ 17 ሆነዋል። ማት ላፍለር ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ ሦስት ዘመናት 13 ጨዋታዎችን ቢያሸንፍም፣ በሦስተኛው ዘመን ሽንፈቱ ከሦስት ወደ አራት ያደገው ጨዋታ ስለተጨመረ ነው። ስለዚህ በመቶኛ ያስሉ፤ አቻ የወጡበትን አያያዝም ይግለጹ። ቪንስ ሎምባርዲ በፓከርስ በመደበኛ ጨዋታዎች 89 አሸንፎ፣ 29 ተሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ደንብ አቻው ስለማይቆጠር ውጤቱ 75.4 በመቶ ነው፤ ከ1972 ወዲህ ባለው ደንብ፣ አቻን እንደ ግማሽ ድል ቆጥረን ብናሰላው ግን 74.6 በመቶ ይሆናል። በጥሎ ማለፍ ያስመዘገበው 9 ድልና 1 ሽንፈት ለብቻው ይቀመጥ። የቀድሞው የፓከርስ አሠልጣኝ ከርሊ ላምቦ በ1929፣ በ1930 እና በ1931 ያገኛቸው ዋንጫዎች በደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ የተወሰኑ መሆናቸውንም ይጻፉ፤ የፍጻሜ ጨዋታ የተጀመረው በ1933 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሎምባርዲ በ1959 የተረከበው፣ ባለፈው ዘመን በሬይ ማክሊን ሥር አንድ ብቻ አሸንፎ፣ አሥር ተሸንፎ፣ አንድ አቻ የወጣ ቡድን ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ሰባት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ፣ በጠቅላላውም በዘጠኝ ዘመናት አምስት ዋንጫ አነሣ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው፤ ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ባርት ስታር፣ ፎረስት ግሬግ፣ ፖል ሆርኑንግ፣ ጂም ቴይለር፣ ሬይ ኒችኪና ጄሪ ክሬመር ሎምባርዲ ከመምጣቱ በፊት በቡድኑ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ፣ ስታር በ1956 የተመረጠው በ17ኛው ዙር ነበር። እነዚህን ተጫዋቾች በማፈላለግ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጃክ ቫይኒሲ በ1960 ያረፈ ሲሆን፣ ስሙ በአሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሎምባርዲን ታላቅነት ይህ አይቀንሰውም፤ ተሸናፊ በነበረ ቡድን ውስጥ የተቀበረውን ችሎታ አይቶ ማውጣት የአሠልጣኝ ትልቁ ሥራ ነው። ሆኖም የማክሊንን ዘመን በውጤቱ ብቻ መዝግቦ ማለፍ እውነቱን ያጎድላል። በ1968 ፊል ቤንግትሰን የተረከበው ደግሞ ባለዋንጫ ግን ዕድሜው የገፋ ቡድን ነበር፤ ሎምባርዲም በሥራ አስኪያጅነት ከበላዩ ተቀምጦ ነበር፤ ያ ዘመን በ6 ድል፣ በ7 ሽንፈትና በ1 አቻ ተጠናቀቀ።

በመጨረሻ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሐረግ ይሥሩ። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባለቅኔው ከማን እንደተቀኘ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ አሠልጣኝም ከማን ሥር እንዳደገ ሊጠየቅ ይገባል። ማይክ ሆልምግሬን በሳን ፍራንሲስኮ ከቢል ዋልሽ ተምሮ በ1992 ግሪን ቤይ ገባ፤ በ1996 የውድድር ዘመንም ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ረዳቶቹ የነበሩት አንዲ ሪድና ጆን ግሩደን በኋላ በሌሎች ቡድኖች ይህንኑ ዋንጫ ወስደዋል። ሐረጉ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስታርና ግሬግ የሎምባርዲ ምርጥ ተጫዋቾች ሆነው ሳለ፣ በተራቸው ፓከርስን ሲያሠለጥኑ ሁለቱም ከድላቸው ሽንፈታቸው በልጧል፤ የስታር 52 ድል፣ 76 ሽንፈትና 3 አቻ ነው።

በሥራ ላይ ያለውን አሠልጣኝ በሚመለከት፣ የተረከበበትን ዓመትና ያገኘውን ቡድን ብቻ ጽፈው ያስረከበበትን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ በየውድድር ዘመኑ ማብቂያ ውጤቱን እየጨመሩ ይቆዩ።