የግጦሽ መሬታችንን የሚያራቁቱ ስህተቶች

ወተት ሲቀንስ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ላሟ ናት። ቀጥሎ የፉርሽካው ዋጋ ይወቀሳል። ሳሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። መስኩ ሁልጊዜም እዚያው ያለ ነገር ይመስለናል። ክረምት ሲገባ ይለመልማል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ምን ይደረጋል እንላለን። ብዙ ይደረጋል።

እዚህ የማነሳቸው ስህተቶች በተለይ የደጋውን አርቢ ይመለከታሉ። ትንሽ የግል የሳር መሬት ያለው፣ ወይም ከጎረቤት ጋር የወል መስክ የሚጠቀም ማለቴ ነው። ቆላው የራሱ ጣጣ ስላለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምነካው። አብዛኞቹ ስህተቶች ግን ምንጫቸው አንድ ነው፤ ከብቱ የበላውን እናያለን፣ መሬቱ ላይ የቀረውን አናይም። ሳር መልሶ የሚያድገው ደግሞ በቀረለት ቅጠልና በሥሩ ነው።

መስኩ አረንጓዴ መሰለ ብሎ ከብት መልቀቅ

ግንቦት ላይ ክምሩ ያልቃል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠና ሲል መስኩ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ከብቱም ይለቀቃል። የተራበ ከብት በረት ውስጥ እያየ ጠብቅ የሚባል ሰው ምን እንደሚሰማው ይገባኛል። ግን ያ የመጀመሪያው አረንጓዴ የወጣው ሥሩ ውስጥ በተቀመጠ ስንቅ ነው። ቅጠሉ ገና ለራሱ ምግብ መሥራት አልጀመረም። ያኔ ከተጋጠ ሳሩ እንደገና ከስንቁ ያወጣል። እንደገና ይጋጣል። ይህ ሲደጋገም ሥሩ ይመነምናል። ጥሩው ሳር እየሳሳ ይሄድና ከብት የማይነካው እሾሃም ነገር ቦታውን ይወርሳል።

መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ የከብት ኮቴ ጭቃውን ያቦካዋል። በጋ ሲመጣ ያ ቦታ ደርቆ ይጠጥራል፣ ውሃም አያሰርግም። ለከብቱም ቢሆን ያ ጮርቃ ሳር ውሃው ይበዛል። ያስቀምጠዋል እንጂ እምብዛም አያጠግበውም።

ሳሩ አንድ ስንዝር ገደማ፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ጠብቁ። ከአራት ጣት በታች ከመውረዱ በፊት ደግሞ ከብቱን አውጡ። ይህን ለማድረግ የሰኔን መኖ በጥር ማሰብ ያስፈልጋል። ከክምሩ የተወሰነውን ለብቻው አድርጎ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ላሉት ጥቂት ሳምንታት መደበቅ ነው። ከባዱ ሥራ መደበቁ ሳይሆን በግንቦት አለመንካቱ ነው።

ከብት መቁጠር፣ ሳር አለመቁጠር

ስንት ከብት አለህ ሲባል መልስ የማይሰጥ አርቢ የለም። መሬትህ ስንት ኪሎ ሳር ይሰጣል ሲባል ግን ዝምታ ነው። መለኪያው ቀላል ነው። አራት እንጨት ተክላችሁ በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ሥሩ። ሳሩ በደረሰበት ወቅት ውስጡን እጨዱ፣ በደንብ አድርቁና መዝኑ። የተለያየ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ፤ ለምለሙን ቦታ ብቻ እየመረጡ ራስን ማታለል ክልክል ነው።

አማካዩ 300 ግራም ቢሆን ሄክታሩ 3 ቶን ደረቅ ሳር ሰጠ ማለት ነው። በእኛ ደጋ፣ ተጠብቆ የቆየ ግን ማዳበሪያ ያላየ የተፈጥሮ ሳር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብንል 750 ኪሎ ይሆናል። ለግጦሽ ከሆነ ግማሹን ለመሬቱ ተዉለት፤ ለእናንተ 375 ኪሎ ቀረ። 250 ኪሎ የምትመዝን የአበሻ ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። ይህ ከ6 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ጥማድ አንዲትን ላም የሚያቆያት ሁለት ወር ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ከሆነች በቀን 10 ኪሎ ትፈልጋለች፤ ሁለት ወሩ ወደ አንድ ወር ከሳምንት ይወርዳል።

ይህን ስሌት የሠራ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ መኖውን ይጨምራል፣ ወይ የማይወልደውንና የማይታለበውን ከብት ይሸጣል። ሦስተኛው ምርጫ፣ አብዛኞቻችን የምንመርጠው፣ ሁሉንም እያስራቡ ማቆየት ነው። አሮጌ በሬ መሸጥ ለብዙ ሰው ልብ ይከብዳል። ግን የሚታለበውን ላም ሳር የሚበላው እሱ ነው።

መስኩን ዓመቱን ሙሉ ክፍት መተው

ከብት መስክ ላይ ሲለቀቅ ምርጡን ይመርጣል። ትናንት የነጨው ቦታ ዛሬ ለስላሳ ቡቃያ ስላወጣ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። ጥግ ላይ ያለው ሳር ሸምግሎ ሲቀር፣ መሐሉ ራሰ በራ ይሆናል። መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ይህ አይቀርም።

መስኩን ሦስት ወይም አራት ቦታ ክፈሉት። አጥር የግድ ሽቦ አይደለም፤ የግራር ቅርንጫፍም፣ የተተከለ ቁጥቋጦም ይሆናል። ያም ካልሆነ ከብቱን በገመድ አስሮ ቦታ እየቀያየሩ ማብላት ይቻላል። አንዱ ሲበላ ሌላው ይረፍ። በክረምት ዕረፍቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። መሬቱ ጠባብ ከሆነ ግን ከብቱን ጨርሶ አለማስገባትና አጭዶ በረት ድረስ ማቅረብ ይሻላል። ጉልበት ይጠይቃል፣ አይካድም። በምትኩ በኮቴ የሚበላሸው ሳር ይተርፋል፣ ፍጉም አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

የወል መስክ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። እኔ ከብቴን ባቆይ ጎረቤቴ ይለቃል፤ ታዲያ ለምን ልቆይ? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ መልሱም ከአንድ ሰው አይመጣም። መልሱን ያገኙት የመንዝ ሰዎች ናቸው። የጓሳን መስክ ከጥንት ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። መስኩ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሌላው ግጦሽ አልቆ ችግር ሲጠና ይከፈታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ጓሳ የሚባለውን ሳርም ለቤት ክዳን ያጭዱታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፣ መስኩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ሕዝቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው። ዛሬ ጎብኚ የሚሄደው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። ለእኔ ከጭላዳው ይልቅ የሚገርመው ሳሩ ነው፤ ይህን ያህል ሰውና ከብት በከበበው አገር እስካሁን መኖሩ።

በየቀበሌው ጓሳን ያህል መስክ የለም። ግን ተዳፋቱን ብቻ ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዝጋ ብሎ መስማማት፣ ጥሰው የተገኙትን መቅጣትና የታጨደውን ሳር በእኩል መካፈል ለአሥራ አምስት ቤተሰብም ይሠራል። ቅጣቱ የሚሠራው ግን የሊቀመንበሩም ከብት ሲያዝ ነው።

ድርቆሽን ዘግይቶ ማጨድ

ከሁሉም ስህተት በገንዘብ የሚጎዳን ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱም መሬትም፣ ዘርም፣ ዝናብም ሳይጎድል የምንከስረው ኪሳራ ነው።

በደጋው አብዛኛው ሳር አበባ የሚይዘው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ መጠኑም ጥራቱም ይመጣጠናሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ከብት ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራቸውን ለመሥራት መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲሆን መኖው ሆድ ውስጥ ይከርማል። ላሟ ፊቷ ቢከመርላትም ብዙ አትበላም። ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ የታጨደ፣ ወርቅ የመሰለ ድርቆሽ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መስመር በታች ነው። ከገለባ ብዙም አይሻልም፣ ዋጋው ግን የድርቆሽ ነው።

ለምን ይዘገያል? ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መስከረም ላይ ዝናቡ አላባራም፣ የታጨደው ይበሰብሳል ተብሎ ይፈራል። ጥቅምት ሲጋመስ ደግሞ የገብሱና የጤፉ አጨዳ ይመጣል፣ ጉልበት ሁሉ ወደ እህሉ ይሄዳል። ሻጩም በእስር ብዛት ስለሚሸጥ ሳሩ እስኪረዝም ይጠብቃል። ገዢው ጥራት አይቶ ዋጋ ካልለየ ሻጩ ምን አተረፈ ብሎ ቀድሞ ያጭዳል?

መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማጨድ አለመሞከር ነው። ሰማዩ ሦስት አራት ቀን ጠራ ባለ ቁጥር የምትችሉትን ያህል እጨዱ። ስታጭዱት ከመሬት አራት ጣት ያህል ተዉለት። ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ገልብጡት። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው በትንንሽ ክምር ሰብስቡት። አንድ እፍኝ ይዛችሁ ጠምዝዙ፤ እርጥበት እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ገና ነው። እርጥቡን ከከመራችሁት ይግላል፣ ይሻግታል። የሻገተ ድርቆሽ ለእርጉዝ ላም በፍጹም አይሰጥ።

በደንብ የደረቀ ድርቆሽ አረንጓዴነቱን ይዞ ይቆያል፣ ሽታውም ያስታውቃል። ከቆጥ ላይ፣ ጣሪያ ሥር አስቀምጡት። ጣሪያ ከሌለ ክምሩን አናቱን ሾጠጥ አድርጉት፣ ከሥሩ ድንጋይና እንጨት ይኑረው። መሬት የነካው ክፍል ሁሌም ኪሳራ ነው።

ለእህል ማዳበሪያ፣ ለሳር ምንም

ሳር በየዓመቱ እየታጨደ ይሄዳል፣ ፍጉ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ታዲያ መሬቱ ምን ይመለስለት? ከፍጉ ከፊሉን እንኳ አብላልታችሁ ክረምቱ ሊገባ ሲል መስኩ ላይ በትኑ። አቅም ያለው ዩሪያ ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከብት አታስገቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መስካችሁ ላይ ማገጥ ከበዛ በዩሪያ አትቸኩሉ። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስድ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፣ አገራችን ደግሞ ከሃያ የሚበልጡ ዓይነቶቹ አሏት። ዩሪያ ሲበዛ ሌላው ሳር ረዝሞ ያፍነዋል። እርጥቡን ማገጥ ወይም አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ግን የተራበ ከብት በጠዋት ጤዛ አይብላው፤ ሆዱ ይነፋል፣ ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ደረቅ ነገር ቅመስ በሉት።

ጎረቤት የተከለውን መትከል

ቢሾፍቱ አካባቢ የተንዠረገገ ዝሆኔ ሳር ያየ ሰው ቁርጥራጩን ይዞ ደብረ ብርሃን ይወጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥልበታል። ሮደስ የሚባለው ሳርም እንዲሁ ሞቅ ያለ አገር ይወዳል። ለብርዳማው ደጋ አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ አብሮ መዝራት፣ ፋላሪስ የሚባለው ሳርና ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ የተሻለ ይሄዳሉ። አጃና ቬች ለሄክታር 75 በ25 ኪሎ ገደማ ይዘራል፤ አጃው ዘለላ ማውጣት ሲጀምር ታጭዶ ጥሩ ድርቆሽ ይሆናል። አልፋልፋ ውሃ የሚተኛበትንና አሲዳማ አፈርን አይወድም። ዴሾ ከራሳችን አገር የወጣ፣ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋ ሳር ነው። እርከን ላይ ሲተከል አፈሩንም ይይዛል፣ መኖም ይሆናል።

ደቃቅ ዘር በጥልቀት መቅበርም የተለመደ ጥፋት ነው። የሮደስ ዘር ላዩ ላይ ተበትኖ በቅጠል ቅርንጫፍ ዳበስ ቢደረግ ይበቃዋል። ዝሆኔ ሳርን ደግሞ ሦስት ሜትር እስኪሆን የሚጠብቁ አሉ። ያኔ የቀረው አገዳ ነው። አንድ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እጨዱት።

በየቦታው እሳት መለኮስ

በጥርና በየካቲት አዲስ ቡቃያ ይውጣ ተብሎ ተዳፋቱ ይቃጠላል። በደጋው ተዳፋት ላይ ይህ መሬቱን ራቁቱን ለበልግ ጎርፍ መስጠት ነው። እሳት ሁሉ ስህተት ነው አልልም። ቦረናዎች ቁጥቋጦን በእሳት ሲገቱ ኖረዋል። በ1960ዎቹ ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦው የግጦሹን መሬት ለመውረሩ አንዱ ምክንያት ሆኗል። እነሱ ግን መቼና የት እንደሚለኩሱ ያውቃሉ።

ረግረጉንና አረሙን መናቅ

በጋ ላይ ለምለም ሆኖ የሚቀረው ረግረግ የጉበት ትል የሚራባበት ነው። ትሉን የሚያሸጋግሩት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች እዚያ ይኖራሉ። ዳሩን አጥሩ፣ ሳሩን አጭዳችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ አብሉ፣ መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

አረምን አበባ ሳይዝ ንቀሉት። በተለይ ቅንጨ አረም የሚባለውን ፓርቲኒየም። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፣ ቆዳንም ያሳክካል፤ ስትነቅሉ እጃችሁን ሸፍኑ። ወደ አዲስ ቦታ የሚገባው ብዙ ጊዜ በመኪና፣ በዘርና በድርቆሽ ነው። ከሩቅ የመጣ ድርቆሽ ስትገዙ አንዱን እስር ፈትታችሁ ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካላችሁ ከብቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ መግቡት፣ ዙሪያውንም በሰኔ ዝናብ የሚበቅለውን እየዞራችሁ እዩ።