ለድንገተኛ ሩጫ የሚዘጋጅ ልብ፦ የፖሊስ አባል የአካል ብቃቱን እንዴት ይመልሳል?

ታላቅ ወንድሜ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግረኛ ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር ተከትሎ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሮጠ። አልያዘውም። የመንገድ አጥር ተደግፎ ቆመና ትንፋሹ እስኪመለስለት ብዙ ደቂቃ ፈጀበት። ማታ ቤት መጥቶ የቡትስ ጫማውን ክር ለመፍታት ሲጎነበስ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀና ብሎ አረፈና እንደገና ጀመረ። ከሥልጠና በተመለሰበት ዓመት ደረጃ በሩጫ የሚወጣ ሰው ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አብረን የሠራነውን ነው እዚህ የማካፍለው።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የፖሊስ ሥራ ሰውን ለሰዓታት ያቆመዋል ወይም መኪና ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ሰውነቱ ሳይሟሟቅ በአንድ ጊዜ ሩጥ፣ ታገል ይለዋል። በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2010 በሥራ ላይ እያሉ ልባቸው በድንገት ቆሞ የሞቱ 441 ፖሊሶችን መዝገብ መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ ከተለመደው የዕለት ሥራ ጋር ሲነጻጸር አደጋው ተጠርጣሪን በኃይል በሚይዙበትና በግብግብ ጊዜ ከ34 እስከ 69 እጥፍ፣ በማሳደድ ጊዜ ከ32 እስከ 51 እጥፍ ይጨምራል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ በአካል ብቃት ልምምድ ላይ እያሉም ከ20 እስከ 23 እጥፍ። ስፖርት ልብን እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። ዓመታት ያልሠራን ልብ ግን በአንድ ጠዋት ማስሮጥ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ቅደም ተከተል እባክዎ አይዝለሉ።

1. መጀመሪያ ይለኩ

ከመሮጥዎ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያስደርጉ። ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው በጸጥታ ይቀመጡ፤ ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት ሕመም ነውና ሐኪም ይወስንበት። መድኃኒት ከታዘዘልዎ «ደህና ሆኛለሁ» ብለው አያቋርጡት። ደህና የሆኑት ስለዋጡት ነው።

ወገብዎን በእምብርትዎ አካባቢ በሜትር ይለኩ። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የልብና የስኳር ሕመም ስጋት ይጨምራል፤ ከ102 እና ከ88 ካለፈ ደግሞ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የደንብ ልብስ ቀበቶ ይህን ይደብቃል። ወንድሜ ሱሪውን ከሆዱ በታች ስለሚታጠቅ የሱሪው ቁጥር ለዓመታት አልተለወጠም ነበር።

ለሐኪሙ ሳይደብቁ የሚነግሩት ነገር አለ። ሲሮጡ ደረትዎን ያመዎት ያውቃል? ራስዎን ስተው ወድቀዋል? ከቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? በልጅነትዎ ቶንሲል እየተመላለሰ ያሠቃይዎት ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ በአገራችን ትልቅ ቦታ አለው። በሚገባ ያልታከመ ቶንሲል የሩማቲክ የልብ ሕመም አስከትሎ የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ሰውየው ግን ለዓመታት ላያውቀው ይችላል። ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስዎ «አዎ» ከሆነ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

2. የጠዋት የልብ ምትዎን ይመዝግቡ

ከእንቅልፍ እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ሁለት ጣትዎን የእጅ አንጓዎ ላይ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ወንድሜ በሥራ ማስታወሻ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጽፈው ነበር፤ ሲጀምር 84 ነበር፣ በሦስተኛው ወር 71 ደረሰ። ልምምዱ እየሠራ መሆኑን ከዚህ በቀለለ መንገድ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ቁጥሩ ከተለመደው በአሥር ያህል ከፍ ብሎ ካደሩ ግን ሰውነትዎ አላረፈም ወይም ሊያምዎት ነው፤ የዚያን ቀን ልምምድ ይተዉት።

3. አራት ሳምንት መራመድ ብቻ

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ብሎ የሚመክረውን 150 ደቂቃ ይሞላል። ፍጥነቱ ልክ የሚሆነው ማውራት እየቻሉ መዝፈን ሲያቅትዎ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፣ በተለይ የድሮ ጉልበታቸውን የሚያስታውሱ። ታገሡ እላለሁ፤ ልብና ጅማት የሚላመዱት በዚህ ወር ነው።

ከቆላ ወደ አዲስ አበባ የተዛወሩ ከሆነ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ መሆኗን ያስቡ። ሰውነት አየሩን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት በዝግታ ይሂዱ። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የተመደበ ደግሞ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በማለዳ ይሥራ።

4. መራመድና ሩጫን ማቀላቀል

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ያድርጉ። አምስት ደቂቃ ይራመዱ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያደረጉ ስምንት ጊዜ ይደጋግሙ፤ በመጨረሻም አምስት ደቂቃ ተራምደው ይብረዱ። በየሳምንቱ ሩጫው ላይ ግማሽ ደቂቃ ይጨምሩ። እንዲህ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ ወደ መሮጥ ይደርሳሉ።

ያኔ በሳምንት አንድ ቀን ዳገት ይጨመራል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች አሉለት፤ ማለዳ ላይ ሯጮቹ ሞልተውበት ያገኛቸዋል። ሠላሳ ሰከንድ በፍጥነት ይውጡ፣ ሁለት ደቂቃ በእርጋታ እየተራመዱ ይውረዱ፤ ከአራት ጊዜ ይጀምሩ። ድንገተኛውን ማሳደድ የሚመስለው ልምምድ ይህ ነው፤ ልብ ወጣ ወረድ ማለትን ይማርበታል። ጨርሰው ወዲያው አይቀመጡ፤ ደም ወደ እግር ወርዶ ሊያዞርዎት ይችላል።

በቡትስ ጫማና በሙሉ ትጥቅ መሮጥ የመጨረሻው ነው። ከሦስት ወር በፊት አይሞክሩት።

5. ጉልበት

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሃያ ደቂቃ። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽአፕ (ያቃተው ግድግዳ ተደግፎ ይጀምር)፣ ከዚያም ውኃ የሞላ ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ መራመድ። ባለ ሃያ ሊትሩ ሃያ ኪሎ ያህል ነውና በባለ አምስት ሊትር ይጀምሩ። ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን በቅጽበት ያንረዋል።

6. ተረኛ ሲሆኑ

ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው በየግማሽ ሰዓቱ በእግር ጣቶቹ ላይ ሃያ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይበል። ባት ሲጨመቅ ደምን ወደ ልብ ይገፋል፤ የእግር እብጠትም ይቀንሳል። የውኃ ኮዳ ከእጅዎ አይጥፋ።

ምግብ ላይ ግን ረዘም ብዬ ልናገር፤ ወንድሜ በጣም የተቸገረው እዚህ ላይ ነበርና። ምሳው ሁልጊዜ ጥብስ ከለስላሳ ጋር፣ እራቱ ደግሞ ከፈረቃ ሲወጣ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሠላሳ ግራም ያህል ስኳር አለው። ቤታችን የምንጠቀመው የሚረጋው ዘይት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ያ ፓልም ነው፤ የሚያረጋውም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ነው። በሱፍ ዘይት ቀየርነው፣ መጠኑንም ቀነስን። ጨው ተደምሮ በቀን ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የሚገባባቸውም ይቆጠራል። የጾም ማዕዳችን ለልብ የተመቸ ነው፦ ምስር፣ ጎመን፣ ሽምብራ፣ የጤፍ እንጀራ። ዘይት ካልበዛበት ከዚህ የተሻለ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ለሌሊት ፈረቃ ቆሎና ሙዝ በኪስ ይያዙ።

ሲጋራ ሙሉ በሙሉ ይቁም። በሌሊት ጥበቃ ነቅቶ ለመቆየት ጫት መቃምም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍም ይነሳል። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ጋርዶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ለሰባት ሰዓታት ያህል ይተኛ። ቤተሰብም ይህን ያክብርለት። እኛ ልጆቹን ወደ ጎረቤት መላክ ጀምረን ነበር።

7. ወዲያው የሚያስቆም ምልክት

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፣ መፍዘዝ። ሴቶች ላይ ማቅለሽለሽና የጀርባ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ብለው አይጠብቁ፤ ልምምዱን አቁመው ይቀመጡና በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

ባልደረባዎ ወድቆ ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም እየተቆራረጠ ከሆነ፣ አንድ ሰው ወደ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። እርስዎ በጀርባው አስተኝተው የእጅዎን መዳፍ በደረቱ መካከል ያድርጉ፣ ሌላውን እጅ ይደርቡበት፣ ክርንዎን ሳያጥፉ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር እንዲሰምጥ አድርገው ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ። በየሁለት ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካዎት፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ አያቋርጡ።