ፋይላችሁን የያዘው ዕቃ ስንት ዓመት ያቆይላችኋል?

የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ስካን ያደረጋችሁት ዲፕሎማ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ካለ ዛሬውኑ አውጡና ክፈቱት። ፍላሽ ፋይል ለማመላለስ ነው የሚመቸው። ፍላሽም፣ ሚሞሪ ካርድም፣ ኤስኤስዲም (የሚሽከረከር ነገር የሌለው የኮምፒውተር ማከማቻ) መረጃ የሚይዙት በውስጣቸው በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሾልካል፣ ሙቀት ካገኘማ ይፈጥናል፣ ብዙ ተጽፎበት ብዙ ተሰርዞበት ያረጀ ከሆነም ይብስበታል። የጄዴክ (ለእነዚህ ዕቃዎች ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት) መስፈርት ለግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ የሚጠይቀው የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ሳይሰካ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ዓመት እንዲይዝ ብቻ ነው። አዲሱ ከዚህ ብዙ ይቆያል። ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ልትረሱት ካሰባችሁ ኤስኤስዲን አልመክራችሁም።

ለማስቀመጫ እኔ የምመርጠው ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ነው። መረጃው በማግኔት ስለሚጻፍ ቶሎ አይጠፋም። የሚበላሸው ማሽኑ ነው፦ ሞተሩ፣ የሚያነበው ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ከሚሽከረከረው ሳህን በጣም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ፣ እየሠራ እያለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ብዙ ጊዜ አለቀለት። ሁልጊዜ የምትጠቀሙበት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ተተኪ ግዙለት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማችሁ ደግሞ ደጋግማችሁ አትሰኩት፤ በተሰካ ቁጥር ጉዳቱ ሊሰፋ ይችላል። የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ የማይተካውን ገልብጡ፣ ፊልሙ ይቆይ።

ሲዲና ዲቪዲ? ቤት ውስጥ የምትጽፉባቸው መረጃውን የሚይዙት በቀለም ነው፣ ቀለሙን ፀሐይ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሲዲ ላይ አደገኛው ጭረት ጽሑፉ ባለበት በላይኛው በኩል ያለው ነው፤ መረጃው ያለበት ስስ ሽፋን እዚያ ሥር ነውና። ዲስኩ ቢተርፍ እንኳ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ ማግኘት ራሱ እየከበደ ነው።

እንግዲህ ዕቃው የትኛውም ይሁን፣ 3 ቅጂ ይኑራችሁ፣ 2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ክላውድ (በኢንተርኔት የምታስቀምጡበት) እንደ 1 ቅጂ ይቆጠራል፣ ግን ተጠንቀቁ፦ ከስልካችሁ ጋር ሲንክ የሚያደርግ (ሁለቱን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚያደርግ) ከሆነ ስልኩ ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ እዚያም ይጠፋል። ሀርድ ዲስኩንም ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ተሰክቶ ከዋለ ኮምፒውተሩን የያዘ ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል።

በዓመት ሁለቴ ሰክታችሁ ፈትሹ። የፋይሉን ስም ማየት አይበቃም፣ ስሙ እያለ ውስጡ ተበላሽቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ ክፈቱ፣ ቪዲዮውን መሀል ላይ አጫውቱት። የገዛችሁበትን ወርና ዓመት በማርከር ዲስኩ ላይ ጻፉ። 5 ዓመት ሲሞላው ሁሉንም ወደ አዲስ ገልብጡ፣ አዲሱ በትክክል መክፈቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ አሮጌውን ሳትሰርዙ የምታምኑት ዘመድ ቤት አስቀምጡት።